እትዬ ወርቄና ያልታመመችው ላም

ቦሩ ከነጌሌ ደወለልኝ። «አካም? ናጋ?» አለኝ፤ ደህና ነህ፣ ሰላም ነው ወይ ማለቱ ነው። ናጋ አልኩት። ልጆቹ? ናጋ። ባለቤትህ? ናጋ። ጉልበትህ? እሱም ናጋ፣ ደረጃ ስወጣ ይጮህብኛል እንጂ። ጎረቤቶችህስ? ይሄኔ ነገሩ ደስ አላለኝም። ቀጥሎ «አዲስ አበባ ዝናቡ እንዴት ነው?» ሲለኝ ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ። ቦሩ ዕድሜውን ሙሉ የስልክ ሽቦ ሲቀጥል የኖረ ሰው ነው። የአዲስ አበባ ዝናብ ምን ያደርግለታል?

«ቦሩ፣ ማን ነው?» አልኩት።

«ኧረ ሰላም ነው፣ ሁሉም ሰላም ነው» አለ። ከዚያም፣ «እትዬ ወርቄን ብቻ ትናንት ቀበርናት» አለኝ።

አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል። ግን እንባዬን ጠርጌ ሳልጨርስ ሳቄ መጣ። እትዬ ወርቄ ያን ጥሪ ብትሰማው ኖሮ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ «አየህ፣ ስለ ዝናብ ሲጠይቅህ ገባህ አይደል? ተመስገን፣ አንድ ሰው አስተማርኩ» ትል ነበር።

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው ነጌሌ የተመደብኩት። የፒያሳ ልጅ ነኝ፤ አቧራውንም ሙቀቱንም እየተራገምኩ ነው የደረስኩት። የከተማው ስልክ ቤት አንዲት አዳራሽ ነበረች። ሰው ገብቶ የሚያወራባቸው ሦስት የእንጨት ሳጥኖች አሏት፤ የአንዳቸውም በር አይዘጋም። እኔ መስኮቷ ጋ ቁጭ ብዬ ሂሳብ እቀበላለሁ፣ ቦሩ ጣሪያ ላይ ነው፣ እትዬ ወርቄ ደግሞ ኦፕሬተር። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ፣ እጇ ላይ ገመድ፣ ጉንጯ ውስጥ ተምር፤ ገመዱን ሰክታ «ቁጥር ሁለት፣ ግባ!» ስትል ያለ ሽቦም አዲስ አበባ ድረስ የምትሰማ ይመስለኝ ነበር። አጭር፣ ድብልብል ያለች ሴት ናት። በዚያ ሁሉ ሙቀት ሹራብ አታወልቅም፤ ለምን ቢሏት «ስልኩ ውስጥ የቦሬ ብርድ ይመጣብኛል» ትላለች። ቦሬ ደጋው ላይ ያለች የእናቷ አገር ናት።

እናቷ ጉጂ፣ አባቷ ከመንዝ መጥቶ እዚያው የቀረ ወታደር ነበሩ። «አባቴ ሲከፋው ያንጎራጉራል፤ እናቴ ሲከፋት ቤት ትጠርጋለች። እኔ ሲከፋኝ እየጠረግኩ አንጎራጉራለሁ» ትለን ነበር። እውነቷን ነው። መጥረጊያ አንስታ ዜማ ከጀመረች አለቃችን አቶ ግርማ ሳይቀር ድምፁን ይቀንሳል።

የሰው ስልክ ትሰማለች። ዛሬ ነውር ነው ትሉ ይሆናል፤ ያኔም ነውር ነበር፤ እሷ ግን መስመሩ እንዳይቆረጥ እየጠበቅኩ ነው እያለች ሁሉንም ትሰማለች። ከዓመት ዓመት ስትሰማ ኖራ ታዲያ አንድ ነገር ይዛለች። ሰው ሁሉ ይከፋዋል፤ ግን ከፋኝ የሚልበት መንገድ እንደየአገሩ ነው። ደገኛዋ የወታደር ሚስት ገና «ሃሎ» ሲሏት ታለቅሳለች፤ ለቅሶዋን ስትጨርስ ለካ የደወለችው በርበሬ ላኩልኝ ለማለት ነው። ሸምሱ፣ ከጉራጌ አገር የመጣው ጨርቅ ነጋዴ፣ አንድም ቀን አዘንኩ ብሎ አያውቅም፤ «ጨጓራዬ ተነሳ፣ ሥራም ቀዝቅዟል» ይላል። የቦረና ሰው ደግሞ ሰላም ነው፣ ሰላም ነው፣ ሰላም ነው ይልና፣ መጨረሻ ላይ፣ ሊወጣ እግሩን ሲያነሳ፣ «ብቻ ያቺ ቀይ ላም» ይላል። ያኔ እትዬ ወርቄ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ጠበቅ ታደርጋለች።

«አንተስ?» አለችኝ አንድ ቀን። «አንተ የፒያሳ ልጅ፣ ምሳ ሲዘገይብህ ደበረኝ፣ እናትህ ስትታመም ደበረኝ። የቱ የቱ እንደሆነ በምን እንወቅልህ?»

የቦረናውን ነገር በተመለከተ ከአቶ ግርማ ጋር የማያልቅ ጠብ ነበራት። አንድ ጥሪ ሦስት ደቂቃ ነው፤ ሰልፉ ደጅ ድረስ ነው። የቦረና ሽማግሌ ግን ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ሰውን፣ ከብቱን፣ ጉድጓዱን፣ ሳሩን፣ ጎረቤቱን አንድ በአንድ ሰላም ሳይል ወሬ አይጀምርም። ሰላምታው ሲያልቅ ደቂቃውም ያልቃል። አቶ ግርማ ግድግዳው ላይ «ሰላምታ በአጭሩ» ብሎ ለጠፈ። እትዬ ወርቄ ደግሞ በራሷ ሥልጣን ሰዓቷን የምታስጀምረው ሰላምታው ካለቀ በኋላ ሆነ።

«ሰላምታ ወሬ አይደለም፤ በር ማንኳኳት ነው» አለችው። «ለማንኳኳት ይከፈላል እንዴ?»

«ግማሽ ሰዓት የሚንኳኳ በር የት አለ?» ይላል አቶ ግርማ።

«ቤቱ ሩቅ ነዋ!»

እንዲህ ስል ሁሌ ልክ ነበረች ማለቴ አይደለም። አንድ ሰሞን ሸምሱ በየቀኑ እየመጣ ዱብሉቅ ላለው ወንድሙ ስለ ጨጓራው ያወራል። እትዬ ወርቄ «ይሄ ጨጓራ አይደለም፤ ከወንድሙ ተጣልቷል፣ አፍ አውጥቶ መናገር አቅቶት ነው» አለች። ዝም አትልም መቼም፣ ሽማግሌ ሰብስባ ላከችበት። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ወንድማማቾች አስቀምጠው፣ መክረው፣ አስታርቀው፣ መርቀው ተነሱ። ሰዎቹ ተጣልተው አያውቁም። ጨጓራው የእውነት ጨጓራ ነበር፤ በስንት መድኃኒት ዳነ። ሸምሱ እሷን ባየ ቁጥር ሆዱን ይዞ «እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር ታስታርቂኛለሽ?» ይላት ነበር። እሷም ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ ትስቃለች።

የማልረሳው ግን የጎዳናን ነገር ነው።

ኦቦ ጃርሶ የሊበን አርብቶ አደር ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጭ ጥምጣም የማይለያቸው ሽማግሌ። ልጃቸው ጎዳና ከመንደራቸው የመጀመሪያው አስተማሪ እንዲሆን ከአዲስ አበባ ወዲያ ባለ ብርዳም ከተማ ማሰልጠኛ ገብቶ ነበር። በገበያ ቀን ኦቦ ጃርሶ በጭነት መኪና መጥተው ይደውሉለታል። ሰላምታቸው ለጆሮ ደስ ይላል፤ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ይመልሳል፣ የመለሰው ተራውን ይጠይቃል። ጎዳና ታዲያ መጨረሻ ላይ ሁሌም «ጉራቲስ?» ይላል። ጉራቲ ጥቁር ላም ናት። ሲወለድ አባቱ አንዲት ጊደር ሰጥተውታል፤ ሀንዱራ ይሉታል፣ የእትብት ስጦታ እንደማለት ነው። የዚያች ጊደር የልጅ ልጅ ናት ጉራቲ። ልጁ ያደገው ከእሷ ጋር ነው።

አንድ ጠዋት የማሰልጠኛው የተማሪዎች ኃላፊ ደወለ። ደግ ሰው ነው፣ ድምፁ ተጨንቋል። «ልጁ አይበላም፣ ክፍል አይገባም፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ምን ሆንክ ስለው ሰላም ነኝ። አመመህ ወይ ስለው ሰላም ነኝ። ፈተናው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ካልተቀመጠ ይሰናበታል፣ እኔ ላድነው አልችልም። እባካችሁ አባቱን አገናኙኝ» አለ።

ኦቦ ጃርሶ ተልኮባቸው መጡ። እትዬ ወርቄ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ሳጥኑ ውስጥ ገቡ። ኦሮምኛው ያን ጊዜ ገብቶኛል፤ አዳራሹ ሁሉ ጆሮውን አቁሟል። ሰላም ነህ? ናጋ። ጓደኞችህ? ናጋ። ትምህርቱ? ናጋ። ብርዱ? ናጋ። አባትየው የሚጠይቁት አለቀ። ስልኩን አስቀምጠው ወጡ።

እኔ አላስቻለኝም። «ኦቦ ጃርሶ፣ ኧረ በፈጣሪ! ለምን በደንብ አልጠየቁትም?»

«ጠየቅኩት እኮ። ናጋ አለኝ» አሉ። በሩ ጋ ደርሰው ቆሙ። «ስለ ጉራቲ አልጠየቀኝም» አሉና ወጥተው ዛፉ ሥር ተቀመጡ።

እትዬ ወርቄ አየቻቸው። ተምሩን ተፋችና ገመዱን መልሳ ሰካች። ልጁን እንደገና አስጠራችው። መጀመሪያ የሞከረችው የአባቷን አገር መንገድ ነው። «ልጄ፣ ሆድህን አትሰር። አልቅስ፣ ይወጣልሃል። ማን ያይሃል? እኔ ነኝ ያለሁት» አለችው።

«ናጋ ነኝ፣ አዴ ወርቄ» አለ። ድምፁ ከጉድጓድ ነው የሚመጣው።

ለመነችው፣ ተቆጣችው፤ ናጋ ነኝ ነው መልሱ። ንዴቷ ፊቷ ላይ ሲወጣ አየሁ። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንደ አገሩ ወግ ከመጀመሪያው ጀመረች። ቤቱ ናጋ ነው። እናትህ ናጋ ናት። አባትህ ናጋ። ከብቱ ናጋ፣ ውሃው ናጋ።

«ጉራቲ ብቻ» አለች።

«ጉራቲ ምን ሆነች?»

«ግጦሽ አልወጣ አለች። በረቱ ደጃፍ ቆማ ትውላለች።»

ዓይኔን አፈጠጥኩባት። ላሟን በዓይኗ አይታ አታውቅም!

«ትበላለች?» አለ ልጁ።

«አትበላም።»

«ትተኛለች?»

«አትተኛም፣ ልጄ።»

«ሌሎቹ ይገፏታል?»

እትዬ ወርቄ እኔን አየችኝ። «ትንሽ ይገፏታል» አለች።

«አዲስ መንጋ ከገባባት እንደዚያ ነው» አለ ጎዳና። «ጠረኗን አያውቁትማ። ስትጮህ ድምጿ ከነሱ ስለማይመስል ይስቁባታል።»

«ላም ትስቃለች እንዴ?» ብዬ አንሾካሾክኩ። ክርኗን ጎኔ ላይ አሳረፈችው። «አዎ፣ ይስቃሉ» አለችው ለልጁ።

ከዚያ ልጁ ተናገረ። ስንት ጊዜ ተዘግቶ የነበረ አፍ ነው። ሌሊት መሬቱ ይቀዘቅዛታል አለ፤ በየት በኩል እንደምትተኛ ታውቂያለሽ ይሏታል፣ እሷ ግን አታውቅም። ጠዋት ሁሉም ወደሚያውቀው ሲሄድ እሷ ወዴት እንደምትሄድ ይጠፋታል። ሳሩም አይጥማትም፣ ሳሩ ይጎመዝዛል፣ በየቀኑ እሱኑ ይሰጧታል። ይሄኔ ነው የገባኝ፤ እንጀራ ሳር ተብሎ ሲታማ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሳቄንም እንባዬንም አንድ ላይ ዋጥኩት።

አቶ ግርማ ከቢሮው ብቅ አለ። «ይሄ መስመር እስካሁን?»

«ገና ሰላምታ ላይ ነን!» አለችው ዞር ሳትል።

ገመዱን ስትነቅል ላብ አጥምቋታል። «ተናገረ! ሰማህ አይደል፣ ተናገረ!» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ተምር ስታድል ዋለች። ኦቦ ጃርሶንም «አይዞዎት፣ ይበላል» ብላ ላከቻቸው፤ በምን ዘዴ እንዳናገረችው ግን አልነገረቻቸውም።

በማግስቱ ኃላፊው መልሶ ደወለ። ልጁ ማታ እራቱን ጥርግ አድርጎ በልቷል፣ እግዜር ይስጣችሁ አለ። እትዬ ወርቄ «እልልል» ልትል አፏን ስትከፍት፣ «ብቻ» አለ ሰውዬው፣ «ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ሻንጣውን ይዞ ወጥቷል። ለዘበኛው ላሜ ታማለች ብሎታል።»

«ወይኔ ወርቄ!» ብላ ራሷን ያዘች። «ለመንዝ ሰው በሬህ ታመመ ቢሉት ያዝናል። ለቦረና ልጅ ላምህ ታመመች ማለት ና ማለት ነው! ምን ነካኝ? አሁን መጥቶ ላሟን ደህና ሆና ቢያገኛት፣ ዋሹኝ ብሎ ከእንግዲህ የሰው ቃል ላያምን ነው። ትምህርቱም ቀረ፣ አባቱም አፈሩ።» መጥረጊያውን አነሳች። ዜማው ሲጀመር አቶ ግርማ ራሱ መጥቶ «ሂጂ፣ አንቺ ሴት፣ ሂጂና ለአባትየው ንገሪ። ይሄንንም ልጅ ይዘሽው ሂጂ» አለ፤ እኔን ነው።

በጭነት መኪና ሊበን ገባን። ኦቦ ጃርሶ በረታቸው ደጃፍ ቆመው አገኘናቸው። እትዬ ወርቄ ልትፈነዳ ደርሳለች፤ ግን ሰላምታ አለ። ሰው ናጋ? ናጋ። ከብት ናጋ? ናጋ። መንገዱ ናጋ? እግሯን እያማታች አንድ በአንድ መለሰች፤ ሳቄን ለመደበቅ ወደ ሌላ ዞርኩ። እንዳለቀ ዘረገፈችው።

«ኦቦ ጃርሶ፣ ይቅር በሉኝ፤ ዋሽቼ ነው። እንዲናገርልኝ ብዬ ጉራቲ ታማለች አልኩት። ልጁ መንገድ ላይ ነው። ላሟ አልታመመችም፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

ሽማግሌው ዱላቸው ላይ ተደገፉ። «አልፈጠርሽውም» አሉ። «ታማለች።»

«ማን?»

«ጉራቲ ናታ። ከሄደ ጀምሮ አትበላም። እዚህ ደጃፍ ላይ ቆማ መንገዱን ስታይ ትውላለች። ወተትም የላትም። ለሰው አልተናገርኩም፤ አንቺ በምን እንዳወቅሽ እንጃ።»

ይሄን ሲሉ ባለቤታቸው ወተት ይዘውልን መጡ፤ ዕቃው እስከ አፉ ሞልቶ ይፈሳል። «የጉራቲ ነው፣ የጠዋት» አሉን ሴትየዋ። ኦቦ ጃርሶ እንዳልሰማ ሰው ወደ መንገዱ ማየታቸውን ቀጠሉ። እኔ ላሟን ፈለግኩ። ግራሩ ሥር ተኝታ ታመሰኳለች፤ ሆዷ ከበሮ አክሎ፣ ቆዳዋ እያብረቀረቀ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ የጠገበ ከብት አላየሁም።

እዚያው አደርን፤ ጎዳና በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ልብሱ ላዩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጉንጩ ገብቶ። ለሰላምታ አልቆመም፤ አባቱን አልፎ በቀጥታ ግራሩ ሥር ሄደ። ኦቦ ጃርሶም ተከትለው አጠገቡ ቆሙ። እትዬ ወርቄ ክንዴን ጨብጣ ይዛኛለች፤ ጥፍሯ ቆዳዬ ውስጥ ገብቷል። ላሟ ቀና ብላ አየቻቸውና ማመስኳቷን ቀጠለች።

«ከስታለች» አሉ አባትየው።

አፌን ልከፍት ስል እትዬ ወርቄ በሌላ እጇ ከደነችልኝ።

ልጁ ጎንበስ ብሎ የላሟን ጀርባ ዳሰሰ። ሆዷን አየ፣ አባቱን አየ። የአባቱን ፊት ብዙ አየ። እኔም ያኔ አየሁት፤ ኦቦ ጃርሶ ጥምጣማቸው ሥር ምን ያህል እንደከሱ፣ ቀበቷቸው ስንት ጊዜ እንደታጠፈ።

«አዎ» አለ ጎዳና። «በጣም ከስታለች፣ አባ።»

«ናፍቋት ነው።»

«አውቃለሁ። እኔም አውቃለሁ።»

ሁለቱም እንባቸውን አልጠረጉም፤ ዝም ብለው ያቺን የሰባች ላም እያዩ ቆሙ። እትዬ ወርቄ ግን መቼ ትችላለች! የመንዝ ደሟ ገንፍሎ «ኡኡኡ! ወይኔ እናቴ!» ብላ አገሩን አቀለጠችው። የመንደሩ ሴቶች ማን ሞተ እያሉ ከየጎጇቸው እየሮጡ መጡ። «ማንም አልሞተም!» ትላለች ደረቷን እየደቃች፣ «ላሟ ከስታ ነው እንጂ!» ሴቶቹ ላሟን አዩ፣ እሷን አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀው ጎዳና ነው። ከዚያ እናቱ፣ ከዚያ ሁላችንም፤ ኦቦ ጃርሶ ጥምጣማቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ልጁ ሁለት ሌሊት እናቱ ጋ አድሮ ተመለሰ፤ ለፈተናውም ደረሰ። አቶ ግርማ በየጠዋቱ ማንንም እንደማይጠይቅ ሰው «ያቺ ላም እንዴት ሆነች?» ይላል።

በገበያው ቀን ኦቦ ጃርሶ መጡ። እትዬ ወርቄ ገመዱን ሰካች፣ «ቁጥር አንድ፣ ይግቡ» አለች። ሰልፈኛው ሁሉ የሰላምታውን ርዝመት አስቦ ቁጭ አለ። ሽማግሌው ስልኩን አነሱ። ናጋ ወይ አላሉም፤ ሰውንም ከብቱንም አልጠየቁም።

«ጉራቲ ዛሬ በላች» አሉ።

«እኔም በላሁ፣ አባ» አለ ልጁ።

እትዬ ወርቄ፣ የነጌሌን ስልክ ሁሉ ስትሰማ የኖረችው ሴት፣ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ወደ እኔ ዞራ፣ «ከዚህ በኋላ ያለው የእነሱ ነው» አለችኝ።